ስለ ራቤሉ ንግግሬ እንድጠይቅ የታዘዝኩት ይቅርታ

ለክቡር አቶ ምንይሉ
የውበትና የፀጉር ሥራ ማሠልጠኛ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ይህ ጽሑፍ ምንጣፍ ከተነጠፈበት ቢሮዎ በደኅና እንዲገባ እለምናለሁ። እኔ እጄ ከመንቀጥቀጡ በቀር ደኅና ነኝ፤ የሚንቀጠቀጥ እጅና መቀስ እንደማይስማሙ ግን ለእርስዎ ለባለሙያው ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

በራቤሉ የሠልጣኞች ምዝገባ ስብሰባ ላይ የድርጅቱን ስም አጥፍተሻልና በአደባባይ ይቅርታ ካልጠየቅሽ ክስ ይከተልሻል የሚለው ማስጠንቀቂያዎ ደርሶኛል። «የፀረ ልማት ኃይሎች መሣሪያ» የሚለውንም ማዕረግ አይቼዋለሁ። አባቴ አቶ ይታየው ማንበብ ስለማይችሉ ደጋግመው አስነበቡኝና ሲያበቁ ተነሥተው በሩን ዘጉት። አባቴ በጠራራ ፀሐይ በር ሲዘጉ አይቼ አላውቅም። «ልጄ፣ ያሉሽን ጻፊላቸው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እነሆ ትእዛዝዎን ተቀብዬ ይቅርታዬን ተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ገቢዬ። አሥረኛ ክፍል ጨርሰን ቤት በተቀመጥንበት ዓመት መልማይዎ አገራችን ራቤል ድረስ መጥቶ፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ የመምህር ደመወዝ እጥፍ እንደምታገኝ ስላበሠረን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። የሥልጠናውን ስምንት ሺህ ብር ከአበዳሪ ድርጅት ያስፈቀዱልን እርስዎ ነዎት፤ ገንዘቡ የእኛን እጅ ሳያቆሽሽ በቀጥታ ወደ እርስዎ ገባ፤ ለእኛ የደረሰን ፊርማው ብቻ ነበር። አራት ሆነን አንዳችን ለሌላችን ዋስ ሆንን፣ አባቴም በሁለት በሬዎቻቸው ዋስ ሆኑልኝ። በስብሰባው ላይ፣ የቤት ኪራይና የቅባት ወጪዬ ሲቀነስ የሚተርፈኝ የብድሩን ወለድ እንኳ አይሸፍንም ብዬ በመናገሬ ገቢዋን አሳንሳለች ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ክረምቱን ዘንግቼ ነው። እኔ በምሠራባት በመሐል ሜዳ ከተማ ሴቶቹ ሹሩባቸውን በነጻ እየተሠራሩ ይኖራሉ፤ በዚያ ብርድ ለእኔ ብሎ ራሱን የሚያስነክር ሰው የሚገኘው ለበዓልና ለሠርግ ነው፤ ያን ዕለትም መብራት ይጠፋና ሙሽራዋ ከፀጉር ማድረቂያው ሥር እርጥብ ራሷን በነጠላ ጠቅልላ ስትንቀጠቀጥ ትቀራለች። ክረምቱን ጨምሬ ባሰላው ኖሮ ገቢዬ ከተናገርኩትም ያንስ ነበር።

፪. ስለ ምስክር ወረቀቴ። ብድሬን እስክጨርስ ድረስ በአደራ ይዘውልኛል። የንግድ ፈቃድ ስጠይቅ የምስክር ወረቀት አምጪ ተባልኩ፤ ወረቀቱን እርስዎን ስጠይቅ ዕዳሽን ክፈዪ አሉኝ፤ ዕዳዬን ለመክፈል ልሥራ ስል ደግሞ ፈቃድ የለኝም። ስለዚህ በአንዲት ወዳጄ ጓዳ ተደብቄ እሠራለሁ። ይህን አሠራር የፈጠረ ሰው በፀጉር ቢሰማራ ኖሮ ፈቺ የማይገኝለት ሹሩባ በጎነጎነ ነበር፤ አድናቆቴን ይቀበሉኝ።

፫. ስለ ኮከብ። ኮከብ ከአራታችን አንዷና በሥልጠናው ወራት አንድ ፍራሽ ላይ አብራኝ የተኛች ናት። የብድሩ ነገር ሲጠናባት ከደላላ ጋር በአፋር በኩል ወደ ዐረብ አገር ወጣች፤ ከመስከረም ወዲህ ድምጿ የለም። እናቷ ገበያ በወጡ ቁጥር ጓዳዬ ብቅ እያሉ ስልክ ተደውሎልኝ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ እኔም ዓይናቸውን ማየት ስለማልችል ማበጠሪያ እፈልጋለሁ። እርስዎ በማስጠንቀቂያዎ «ለተሻለ ሥራ የተዘዋወረች ምሩቅ» ብለዋታል። የት እንደተዘዋወረች ካወቁ እባክዎን ለእናቷ ይንገሯቸው።

የኮከብ ዕዳ ለቀረነው ሦስታችን ተከፋፈለ። ለፋሲካ አገር ቤት በገባሁበት ሰሞን የአበዳሪው ሠራተኛ ሚሊሻ አስከትሎ በሞተር መጣና የአባቴን በሬዎች አፍ ከፍቶ ዋጋቸውን ሊገምት ጥርሳቸውን አየ። አባቴ ገመዱን ይዘው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እዞራለሁ፤ አንድ ቀንም እንዲሁ ስዞር የደንበኛዬን ጆሮ ጫፍ በመቀስ ነካሁት።

፬. ስለ ፎቶዬ። የምስክር ወረቀቴን ልለምን ቢሮዎ በመጣሁ ዕለት ሻይ አዝዘው፣ ከወረዳሽ ከግሼ አሥር ሠልጣኝ ልጆች ካመጣሽልኝ ዕዳሽን አስቀንስልሻለሁ አሉኝ። ስለ ሻዩ አመሰግናለሁ። ብርጭቆውን ሳልጨርስ ልጆቹን በልቤ በስም መቁጠር እንደጀመርኩ ሳውቅ ግን ከሚሊሻውም ይልቅ ራሴን ፈራሁት። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ከበሩ አጠገብ በምረቃው ቀን ሐብል አድርጌ የተነሣሁት ፎቶ በትልቁ ተለጥፎ፣ ከሥሩ «የራሷን የውበት ሳሎን የከፈተች» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት።

ያው ፎቶ ራቤልም ደርሶ ነበር። ቤት ስገባ ታናሽ እህቴ አመተሥላሴ እየሣቀች ተቀበለችኝ። «እትዬ፣ አንቺን አይቼ ተመዘገብኩ» አለችኝ። ያን ሌሊት አባቴ ለእሷ ደግሞ በምን ዋስ እንደሚሆኑ ሳስብ አነጋሁ።

በማግሥቱ ስብሰባ ላይ መልማይዎ በምሳሌነት ራሱ ጠርቶ አስነሣኝ። የወንበር ጀርባ ይዤ ቆምኩ። «ፎቶው የእኔ ነው፤ ሐብሉ ግን የኪራይ ነው» አልኩና የማገኘውንና ያለብኝን ተናገርኩ። የኮከብንም ነገር ነገርኳቸው። ወይዘሮ ጌታነሽ የተባሉ እናት የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። በመጨረሻ እህቴ ተነሥታ ስሟ እንዲሰረዝላት ጠየቀች።

ቅጣቱ ሳይዘገይ ስለመጣልኝም ምስጋናዬ ይድረስ። የእርስዎ ማስጠንቀቂያ በደረሰን ሳምንት አንደኛው በሬ ለዕዳው ተነዳ፤ አባቴ በቀረው በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ያርሳሉ። የማዳበሪያ ዱቤ በሚጠየቅበት ወቅት ልጅዎ ፀረ ልማት ናት ተብለው ይከለከላሉ ብለን ሁለታችንም እንሰጋለን፤ ቤት በገባሁ ጊዜ ግን እራት ላይ ስለ ዝናቡ ብቻ እናወራለን። ይቅርታ የምጠይቀው ስለ ዘገየሁ ነው፤ ከእኔ በኋላ፣ ከእህቴ በፊት የተመዘገቡ ልጆች ነበሩና። ክሱን ከመሠረቱ እየፈራሁም ቢሆን ዳኛው ፊት ይህንኑ እደግማለሁ፤ ሌላ የማውቀው የለኝም።

የበለጠ ብልጽግናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ፎቶዋ በግድግዳዎ፣ ምስክር ወረቀቷ በመሳቢያዎ የሚኖር ትሑት ምሩቅዎ፣

እፀገነት ይታየው
መሐል ሜዳ፣ ሰኔ ፳፻፫ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ሻይ በጋበዙኝ ዕለት የፀጉርዎ ጥቁር ቀለም ጆሮዎ ላይ ወርዶ አይቻለሁ። ከመቀባትዎ በፊት ጆሮዎን ዙሪያውን ቫዝሊን ቢያስነኩት አይይዝብዎትም። ቀለሙን የቀባዎት ከአስተማሪዎቻችን አንዱ ከሆነ ግን፣ ስምንት ሺህ ብር የከፈልንበት ሙያ ምን እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ።