ሦስት ኩባያ ውሃ

ጃንጥላዬን ይዛብኝ ለሄደችው የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ ማረፍ የማያውቀው ምላስሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና አይደለሁም። በደሴታችን የማያፈስ ጃንጥላ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለስብሰባ ብለሽ ካስትሮ ከተማ ወሰድሽው። ርዕሰ መምህርት ብትሆኚም ሌባ ሌባ ነው!

እሺ፣ ለጃንጥላ ብዬ ብዕር አላነሳሁም። ጀልባዋ ተንሳፈፈች! የትምህርት ቤትሽ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ሲጠርቡ፣ ሲቸነክሩ፣ ሲጣሉ የከረሙባት ጀልባ ትናንት ውሃ ላይ ዋለች። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር፤ የሚልካኦው ድንች ቂጣ ሳይቀር ድስቱ ላይ አረረ። “ልጆቹ መማራቸውን ካላየሁ ለከርሞ ጀልባ የለም፣ የወረቀት ፈተና ብቻ” ያለሽ ተቆጣጣሪም፣ ዶን ኤቫሪስቶ፣ ጫማውን ጭቃ ውጦበት ቆሞ ነበር። ለአንድ ሰዓት አንድ ጠብታ አልገባም። ሰውዬው ደብተሩን አውጥቶ ትልቅ ሰባት ጻፈ። ከሰባት በላይ ማርክ አለ እንዴ? ጮኽን፤ እኔማ ኮፍያዬን ባሕር ውስጥ ወረወርኩ።

ይሄኔ ያቺ ተማሪሽ ሊካራየን፣ ጀልባዋ ውስጥ የሚገባውን ውሃ ለኪዋ፣ ወደ ፊት ወጣች።

“ዶን ኤቫሪስቶ፣ ይሰርዙት፤ ሰባቱ የእኛ አይደለም” አለችው።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ጀልባችን ታፈሳለች። ስንሞክራት ሰኞ በሰዓት አራት ኩባያ ውሃ፣ ረቡዕ ሦስት ተኩል፣ ትናንት ሦስት። ሳንቃውን እርጥቡን ቸነከርነው፤ ሲደርቅ መገጣጠሚያው ተከፈተ። ዛሬ ምንም የለም። አንድ ሰው ነክቶብናል!”

ሰውዬው ሰባቱን ረስቶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ይጠይቃል፣ ይመልሳሉ፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው “ውሸትህን ነው፣ ማክሰኞ ነበር” ይለዋል። አንቺ ለመምህራኑ የሰጠሽውን፣ ልጆቹ በየሳምንቱ ስህተታቸውን የሚጽፉበትን ደብተር ገጽ በገጽ አነበበው። “ለጀልባ ማርክ ልሰጥ ነው የመጣሁት፤ ለካ የሚመዘነው ሌላ ነው” አለ። የእህቴ ልጅ፣ ደስታዬ ሊያፈነዳኝ ነበር! ግን ጨመረበት፦ “የነካው ሰው ይታወቅ፤ ልጆቹ ራሳቸው ሲደፍኑት ሳላይ አልፈርምም።” እስከ ነገ እዚሁ ይቆያል።

አሁን ጃንጥላውን ይቅር ልበልሽና እኔም ይቅር ልባል። “አጎቴ፣ እጅህን ኪስህ ከተህ ጠይቃቸው እንጂ አትንካ” ብለሽኝ ነበር። ከትቼም ነበር። ግን በዋዜማው ሁሉም ለምሳ ሲበተን ያቺን ስንጥቅ አየኋት። የሚያፈስ ጀልባ አይቶ ማለፍ እዚህ ያደገ ሰው ይችላል? የአሌርሴ ዛፍ ልጥ ጠቀጠቅኩባት፣ ሬንጅ ቀባኋት፤ አለቀ። ልጆቹ በሰው ፊት ዜሮ ሲያገኙ ማየት አቃተኝ። ትናንት “ማን ነው?” ሲባል ሬንጅ የነካውን አውራ ጣቴን ደብቄ ባሕር ባሕሩን አየሁ። እና ነገ የዶን ኤቫሪስቶ ፊርማ ነገር…

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። በዚህ ዝናብ ማን ነው?

ሊካራየን ናት። ስጽፍልሽ ቆማ ውሃዋን ወለሌ ላይ ታንጠባጥባለች። አውራ ጣቴን አየችና፣ “በሳሙና አይለቅም አይደል?” አለችኝ። ከዚያ ኮፍያዋን አውልቃ እንደ ትልቅ ሰው፣ “አጎቴ፣ ነገ ጠዋት መጥተው ልጡን በፊታችን እንዲነቅሉልን፣ ስንደፍነውም እየጠየቁ እንዲያዩን ልለምን ነው የመጣሁት” አለች። ደጅ ድረስ መጥቶ ለለመነ በእኛ ደሴት እምቢ እንደማይባል እያወቀች! ማን አስተማራት?

አንድ ወረቀትም ይዛልኝ መጥታለች፤ እኔም እንደነሱ እንድሞላው። “የት ተሳሳትኩ? ምን ተማርኩ?” ይላል፤ ከሥሩ ሰፊ ባዶ ቦታ አለው። ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ባቆምኩበት ቀን የሰጡኝ ወረቀት የቀይ እስክሪብቶ እርማት ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረውም።

እርሳስ አበድራኛለች። ባሕሩ ይርጋልሽ፣ መንገድሽ ይቅና፣ ጃንጥላዬም በሰላም ይመለስ።

ነገ እጁን ከኪሱ የሚያወጣው አጎትሽ