መንፈሱን በአጎት ስለመተካት

ለተከበሩ የወጣቶች መጻሕፍት ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለስድስቱ የኮሚቴ አባላት ሙሉ ጤንነትን፣ ለተቀመጣችሁባቸው ወንበሮችም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ በትርፍ ጊዜዬ አንድ ልብ ወለድ የጻፍኩ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ታሪኩ ስለ አንዲት ተለማማጅ አስማተኛና በአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ስለሚኖር መንፈስ ሲሆን፣ ማተሚያ ቤቱ የእናንተ ማህተም ካላረፈበት እንደማይነካው ነግሮኛል። ረቂቁን ለአስራ አንድ ወራት ከመረመራችሁ በኋላ፣ መንፈሱ ወጥቶ በምትኩ «ኃላፊነት የሚሰማው አጎት» እንዲገባ፣ ይህ እስከ አርብ ካልተፈጸመም ሥራው ውድቅ እንደሚሆን የሚገልጸው ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል። ስለ ቅልጥፍናችሁ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። መልሴን በአደባባይ የጻፍኩትም መዝገብ ቤታችሁ ጠፋብኝ ብሎ እንዳይጨነቅ በማሰብ ነው።

አንደኛ፣ አጎቱን ሞክሬዋለሁ። መንፈሱ ከሬዲዮው ድምፅ ማውጫ ሾልኮ ይወጣ ነበር፤ አጎቱን ግን እንደምንም ብዬ ማሾለክ ስላልቻልኩ በበር አስገባሁት። ተለማማጇ ግንብ ውስጥ በታሰረችበት ምዕራፍ መንፈሱ ግድግዳውን አልፎ ይደርስላታል፤ አጎቱ ደግሞ ለዘበኛው መታወቂያውን አስይዞ ተራውን ጠበቀ። ከዚያም ስለ ጥናት ሰዓት አያያዝ አራት ገጽ መከራት። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብላት ስታዳምጥ የቆየችው ባለቤቴ፣ ሰውዬው የሚሞተው ስንተኛው ምዕራፍ ላይ እንደሆነ በትህትና ጠይቃኛለች።

ሁለተኛ፣ ከደብዳቤው ጋር ስላያያዛችሁልኝ ቃለ ጉባኤ ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። በገጽ አራት እንደሰፈረው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው የመንፈስ መጥሪያ ቃል ለወጣቶች አደገኛ መሆኑን ለማጣራት ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኖ፣ በር ቆልፎና መጋረጃ ጋርዶ፣ ሰባቱም አባላት ቆመው ቃሉን ሦስት ጊዜ በኅብረት አንብበው ሃያ ደቂቃ ጠብቀዋል። መንፈሱ ባለመቅረቡም «ጸሐፊው ወጣቱን በሐሰት ያሳስታል» የሚል ውሳኔ ተላልፎ ስብሰባው ለሻይ ተበትኗል። ቢመጣ ኖሮ በአደገኛነት ልከሰስ፣ ቢቀር በአሳሳችነት ልወቀስ፣ ማምለጫ ሳታስቀሩልኝ መሥራታችሁን አደንቃለሁ። ቃሉ ግን የሬዲዮ መለዋወጫ ዝርዝር ነው። ሟቹ ታላቅ ወንድሜ መሳቢያ ውስጥ ዕቃ ሲፈልግ እንደ ዘፈን ያንጎራጉረው ነበር። ሰባት የተከበሩ ሰዎች በቁማቸው ሲያዜሙለት ቢሰማ ኖሮ ከወንበሩ ይወድቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ መንፈሱ «በታላላቆቹ ላይ ያሾፋል» ብላችኋል። እውነት ነው፣ ያሾፋል። እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ላቁም። ያ መንፈስ የሚናገረው በወንድሜ አፍ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ሠርተናል፣ ሙያውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። መበየጃው ጣቴን ባቃጠለኝ ቁጥር እኔን ትቶ መበየጃውን፣ አይዞህ፣ ተጎዳህ ወይ ይለው ነበር። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። የሰው ሁሉ ቴፕና ሬዲዮ በእጄ ሲያልፍ፣ የወንድሜን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ልቅዳ አለማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የቀረኝ ይህ መንፈስ ብቻ ነው። አውጣው ስትሉኝ ወንድምህን ሁለተኛ ቅበረው እያላችሁኝ ነው፤ አላደርገውም።

በአራተኛነት፣ ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ የጨመራችሁት ነጠላ ሰረዝ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው። ተቀብያለሁ።

ስለዚህ ረቂቁን ከነመንፈሱ፣ ከነነጠላ ሰረዙም፣ መልሼ ልኬላችኋለሁ። ካላጸደቃችሁት በሱቄ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ያለ እሱ አይታተምም። አጎቱን ለብቻው በሌላ ፖስታ አያይዤዋለሁ፤ በኮሚቴው ክፍት የሥራ መደብ ካለ ተራ በመጠበቅ በቂ ልምድ አለው።

ለማህተማችሁ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት፣ ለቀለሙም እንዳይደርቅ ያለኝን ስጋት ደግሜ እየገለጽኩ፣ በታላቅ ትህትና ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ሬዲዮ ጠጋኙ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከሰዓት በኋላ በረቂቁ ሽፋን ላይ ባሰፈርኩት የስልክ ቁጥር ተደውሎልኝ ነበር። የደወለችው ልጅዎ ናት። ረቂቁን ከቦርሳዎ አውጥታ እያነበበች ሳለ፣ ሬዲዮው የሚቃጠልበት ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ረቂቁን ከነቦርሳዎ ይዘው ቢሮ ሄዱባት አሉ። መንፈሱ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም ብላ እያለቀሰች ጠየቀችኝ። ጉዳዩ ገና በኮሚቴ የተያዘ በመሆኑ ሥልጣኔን ማለፍ አልፈለግሁም፤ የሚወስኑት አባትሽ ናቸው ብያታለሁ። ቤት ሲገቡ በር ላይ ትጠብቅዎታለች።