የወይዘሮ ኬዛያ ሕይወት፣ በጣውንታቸው እንደተጻፈ

ወይዘሮ ኬዛያ ከእናታቸው ከወይዘሮ ቢና እና ከአባታቸው ከአቶ ሲፒዮ እ.ኤ.አ. በ1831 በሳውዝ ካሮላይና፣ በጆርጅታውን አውራጃ፣ በዋካማው ወንዝ ዳር ባለ የሩዝ እርሻ ላይ ተወለዱ። የባሪያ ልጅ የተወለደበትን ቀን የሚጽፍ አልነበረምና ወሩ አይታወቅም። እናታቸው ግን «ሩዙ ሲያሸት ነው» ይሉ ነበር።

በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ፊደል ሲቆጥር የተገኘ ባሪያ ይገረፍ ነበር። ሙያቸው ሩዝ መውቀጥና ማበጠር ሲሆን፣ እሳቸው ካበጠሩት ሩዝ ውስጥ አንዲት ገለባ አይገኝም ነበር ይባላል። ይህን ታሪክ የሚጽፉት ጣውንታቸው ወይዘሮ ላቪኒያ በዚህ ሙያ ራሳቸው እንደሚበልጡ ያውቃሉ፤ ዛሬ ግን የሟች ቀን ነውና ይለፍ።

በ1850 ከአናጢው ከአቶ ፕሪመስ ጋር፣ በባሮች የሠርግ ወግ መሬት ላይ የተጋደመ መጥረጊያ አብረው ዘለው ተጋቡ። ያጋቧቸው ሽማግሌ ሰባኪ በጊዜው ልማድ «ሞት ወይም ርቀት እስኪለያችሁ ድረስ» ብለው መረቋቸው። ለነጮቹ ጋብቻ ሞት ብቻ ይበቃል፤ ባሪያ ግን ነገ ሊሸጥ ስለሚችል ርቀት ይጨመርበታል። በ1852 ልጃቸውን ቲተስን ወለዱ።

በ1854 ጌታቸው ሲሞት ወራሾቹ ሰዉን እንደ ከብት ተከፋፈሉት። ወይዘሮ ኬዛያ አላባማ ላገባችው የሟቹ ልጅ ደረሱ። ባልና ሕፃን እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸው አሥራ አንድ ዓመት ጥጥ ለቀሙ።

በ1857 ወይዘሮ ላቪኒያ ከአቶ ፕሪመስ ጋር በተራቸው መጥረጊያ ዘለሉ። ቲተስን አሳደጉ፤ ልጁ «እማዬ» ማለትን የለመደው በእሳቸው ነው። ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ወይዘሮ ኬዛያ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ወይዘሮ ላቪኒያም ለማወቅ አልፈለጉም።

ጦርነቱ አልቆ በ1865 ነፃነት መጣ። ወይዘሮ ኬዛያ ከአላባማ ተነሥተው ሰባት ወር በእግራቸው ተጉዘው፣ በመጋቢት 1866 ከአቶ ፕሪመስ ደጃፍ ደረሱ። በዚያው ሰሞን ሁለት ሚስት ያለው ጥቁር ሰው እስከ ሚያዝያ 1 ቀን አንዷን እንዲመርጥ ሕግ ወጥቶ ነበር። ሸጠው የለያዩን ሰዎች ናቸው እንግዲህ ምረጡ የሚሉን!

«ርቀቱ አልቋል፤ መጥቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ኬዛያ በሩ ላይ ቆመው።

«መምጫው ካልጠፋሽ መመለሻውም አይጠፋሽም» አሏቸው ወይዘሮ ላቪኒያ። ቲተስ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት፣ እማዬ?» ብሎ የጠየቀው ወይዘሮ ላቪኒያን ነበር። ወይዘሮ ኬዛያ ይህን ሲሰሙ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

አቶ ፕሪመስ ልጆቹ የሚያውቋት እናት አንድ ናት ብለው በጽሕፈት ቤቱ የጋብቻ መዝገብ ላይ ላቪኒያን አስጻፉ። ወይዘሮ ላቪኒያ አሸነፉ። ነገር ግን አቶ ፕሪመስ ከጽሕፈት ቤቱ ወጥተው አጥር ተደግፈው ሲያለቅሱ አይተዋቸዋል። ያን እንባ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም።

ወይዘሮ ኬዛያ አልተመለሱም። ከመንገዱ ማዶ ጎጆ ቀልሰው፣ ሰፌድ እየሰፉ ኖሩ። ጣራቸው ሲያፈስ የሚጠግኑላቸው አቶ ፕሪመስ ነበሩ፤ ወይዘሮ ላቪኒያም ከታች ቆመው ምስማሩን ይቆጥሩ ነበር። ለአንድ ቀዳዳ ሃያ ሁለት ምስማር ምን ይሠራል? በ1868 ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ሲከፍት ሁለቱ ጣውንቶች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ንባብ ቀድመው የቻሉት ወይዘሮ ኬዛያ ናቸው። በእጅ ጽሕፈት ግን ወይዘሮ ላቪኒያ በለጧቸው፤ ይኸው እየጻፉ ያሉትም እሳቸው ናቸው።

በ1876 ምርጫ ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ባለጠመንጃዎች ጥቁር ሰው ድምፅ እንዳይሰጥ መንገድ ዘጉ። ሁለቱ ሴቶች መቆፈሪያቸውን ይዘው አቶ ፕሪመስን መሐል አስገቧቸው።

«አንቺ በግራው ሁኚ» አሉ ወይዘሮ ኬዛያ።

«ቀኙ የኔ ነው፤ በመዝገብ አለኝ!»

«ጥይት መዝገብ አያነብም፤ ቁሚ ባልኩሽ!»

ወይዘሮ ላቪኒያ ጥርሳቸውን ነክሰው በግራ ቆሙ፤ አቶ ፕሪመስም ድምፃቸውን ሰጥተው በሰላም ተመለሱ። ሰው ሁሉ ያን ቀን ያወራው ስለ ወይዘሮ ኬዛያ ጀግንነት ነው። በግራ ስለቆመችው ማን አነሣ?

አቶ ፕሪመስ በ1889 በንዳድ ታመው ሦስት ቀን ሲያጣጥሩ ወይዘሮ ላቪኒያ በሩን ዘጉ። ወይዘሮ ኬዛያ ሦስቱንም ቀን ከደረጃው አልተነሡም። ከቀብሩ መልስ «እኔን አላነሣም?» ብለው ጠየቁ፤ «አላነሣሽም» ተባሉ። ከዚያም በየዓመቱ የሙት ዓመቱ ሲደርስ ባሚያ ቀቅለው ይዘው እየመጡ ያንኑ ይጠይቁ ነበር፤ መልሱም ያው ነበር።

በዚህ ዓመት በ1897 በሳንባ ሕመም ሲተኙ ያስታመሟቸው ወይዘሮ ላቪኒያ ናቸው። ቲተስ ከወደብ ሥራው እስኪደርስ ሌላ ማን ነበራቸው? ሩዝ በዶሮ መረቅ እያለሰለሱ አጎረሷቸው። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ቀን «ላቪኒያ፣ አሁን እንኳ ንገሪኝ፣ ጠርቶኝ ነበር?» አሉ። «አልጠራሽም፣ ተኚ» ተባሉ። ጥቅምት 9 ቀን በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ጽሑፍ በእግዚአብሔር ቤት የሚነበብ ነውና ውሸት አይጻፍበትም። አቶ ፕሪመስ ጠርተዋቸው ነበር። «ኬዚ ደጅ ናት፤ አስገቢያት» አሉ፣ ሁለት ጊዜ። ወይዘሮ ላቪኒያ የባላቸውን እጅ ይዘው የራሳቸው ስም እስኪነሣ ሲጠብቁ የአቶ ፕሪመስ እስትንፋስ ቆመ። ስምንት ዓመት የዋሹት ከቅናት የተነሣ ነው፤ ሌላ ምክንያት የላቸውም።

ወይዘሮ ኬዛያ ልጃቸውን ቲተስን፣ አራት የልጅ ልጆችንና፣ ሳይወልዷቸው ጥቁር የለበሱላቸውን የወይዘሮ ላቪኒያን ሁለት ሴቶች ልጆች ትተው አልፈዋል። የሚቀበሩት ከአቶ ፕሪመስ ጎን ነው። ወይዘሮ ላቪኒያ ስፍራውን የለቀቁት ደስ ብሏቸው እንዳልሆነ ጉባኤው ይወቅላቸው።

ጌታ ነፍስዎን በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፣ ወይዘሮ ኬዛያ። እዚያ ሲደርሱ አቶ ፕሪመስን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልን፦ የላቪኒያንስ ስም አንሥተው ያውቃሉ?