በጋስፓሬ ላይ የሣልኩት ቀልድ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለክሮቺፊሳ፤

እንደምን ከርመሻል፣ እናቴ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ወይራውስ ዘንድሮ ፍሬ ያዘ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ የሰው ዓይን ማየት ግን አፍሬያለሁ።

ማተሚያ ቤት ውስጥ አስቂኝ ፖስትካርድ እሥላለሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። እዚህ ቺካጎ ዘንድሮ ሰው የሚስቀው በወንበዴ ነው፤ ባርኔጣውን ያዘነበለ፣ መትረየስ የታጠቀ ካልተሣለበት ካርዱ አይሸጥም። አለቃዬ "አዲስ ነገር አምጣ" ቢለኝ፣ ወንበዴዎች ቦምብ ያፈነዱበት ዳቦ ጋጋሪ ከነምድጃው ወደ ሰማይ ሲበር ሣልኩ። ከሥሩም "ዛሬስ ሊጡ ኩፍ አለ!" ብዬ ጻፍኩበት። አለቃዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጋጋሪው የመንደራችን ልጅ ጋስፓሬ ነው፣ እናቴ። እዚህ ስደርስ ቤቱ አስገብቶ ያበላኝ ጋስፓሬ። ለወንበዴዎቹ አልገብርም ቢል በፋሲካ ሰሞን ሱቁን አፈነዱበት፤ ሚስቱ አጋታ ከዚያ ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም። ማን ያውቀዋል ብዬ ጢሙንም አፍንጫውንም እንዳለ ሣልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱም ቤቴ መጡ። ማተሚያ ቤት እንደምሠራ እንጂ እንደምሥል አያውቁም። ካርዱን አንድ ሰው በፖስታ ልኮላቸዋል። "ኑንዚዮ ልጄ፣ እንግሊዝኛው አይገባንም፣ እስቲ አንብብልን" አለኝ ጋስፓሬ። የራሴን ቀልድ በገዛ አፌ ተረጎምኩለት። ካርዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ "በሚቀጥለው ከዚህም ከፍ ትላለህ" ይላል። እሱንም አነበብኩለት። "ማነው እንዲህ ያለውን የሚሥል?" ሲል "እኔ እንጃ" አልኩት።

አጋታ ካርዱን ተቀብላ አተኩራ አየችው። ከዚያ የራሱን ድምፅ እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብላ፣ "ጋስፓሬ፣ ሽርጥህ ላይ የጣፍኩትን እራፊ እንኳ አልረሳም። ይሄ እኛ ቤት የበላ ሰው ነው" አለች።

ትናንት ጠግነው ወደከፈቱት ሱቃቸው ብሄድ ዕቃ ሲያስሩ አገኘኋቸው፤ ወንድሙ ወዳለበት ወደ ቡፋሎ ከተማ ሊሄዱ ነው። "የሣልኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ጋስፓሬ ገመዱን ማጥበቁን አልተወም። "ስታነብ ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ አውቄያለሁ" አለኝ። "ቦምቡን የጣሉት ጠላቶቼ ናቸው። ያንተ ግን…" ብሎ ሌላውን ሣጥን ማሰር ጀመረ። ምነው በመታኝ አልኩ በልቤ። ይቅርታ ብለምነው፣ "አንተን በአደራ የሰጠችኝ እናትህ ናት። ከሰው ከምትሰማ አንተው ጻፍላት፤ እኔን ከዚያ በኋላ ጠይቀኝ" አለኝ።

ይኸው ጻፍኩልሽ። ዛሬ ጠዋት ሥራውን ለቅቄያለሁ፤ ካርዱ ግን አሁንም በየሱቁ እየተሸጠ ነው።

ለአባቴ፣ ለእህቴ ለቪንቼንዛ፣ ለባሏ ለካሎጀሮና ለልጆቻቸው ሁሉ ሰላም በይልኝ። የጋስፓሬ እናት ኒንፋ ስለ ልጇ ከጠየቀችሽ፣ በሕይወት አለ በያት። የኔን ሰላምታ ግን አታድርሺላት።

ልጅሽ ኑንዚዮ
ቺካጎ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1931