የታገሥ እኩሌታ

ዘመሮ፣ የካቲት 17 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ከብዙ ናፍቆት ጋር ለአባቴ ለአቶ ሙሐመድአወል፤ ጂዳ።

አሰላሙ አለይኩም አባባ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱም ደህና ነው፤ እንዲያውም ከሁላችን ይልቅ ጤናው የተሟላለት እሱ ነው። እማዬ ሱቁን ከፍታ ትዘጋለች፣ ጨውና ጨርቅ ትሸጣለች፣ ስለ እርስዎ ለሚጠይቃት ሁሉ መልስ ትሰጣለች። እኔ ደግሞ እንደሚያውቁት ተከስሻለሁ።

ክሱን የሰማሁት በስልክ ነው። አጎቴ ናሲር በሰባር ጊዮርጊስ ዕለት ያየውን ሳያሳድር ነገረዎት፤ «ልጅህ በክርስቲያን በዓል፣ በመሪጌታ ፈረስ፣ ሱሪ ለብሳ፣ ሕዝብ እያየ ጋለበች» ብሎ። እርስዎም «ነጅዋ! አሁኑኑ ከዚያ ፈረስ ውረጂ!» አሉና መስመሩ ተቆረጠ። በዚያች ሰዓት ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። ከምን ላይ እንደምወርድ ቸግሮኝ ከበርጩማው ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አልገባ አለኝ። የጂዳ መስመር ጠባዩ ይታወቃል፤ ቁጣ ሲያደርስ ጥርት ይላል፣ «መቼ ይመጣሉ?» ሲባል ይቆረጣል። ደብዳቤ መሃል ላይ አይቆረጥምና ለዑምራ በሚመጡት በእትዬ አሚናት እጅ መከላከያዬን ልኬያለሁ። አንብበው እስኪጨርሱ ፍርዱን ያቆዩልኝ።

ስለ ሱሪው፦ ከቀሚሴ ሥር ነው። ስለ ሂጃቤ፦ የመንዝ ንፋስ ሊወስደው ብዙ ታግሏል፣ አልቻለም፤ በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ። የቀረው የፈረሱ ጉዳይ ነው፤ እሱ ግን ረዘም ይላል።

ፈረስ የተመኘሁት ዛሬ አይደለም። ግን ሙሉ ፈረስ ይገዛልኝ የምል ጥጋበኛም አይደለሁ። እዚህ አገር አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ መቀናጆ ይሉታል። እኔም «በበሬ ከተቀናጁ በፈረስ ምን ይከለክላል?» ብዬ የፈረስ መቀናጆ ፍለጋ ወጣሁ። በሬም ፈረስም እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ጋሪ ነጂው ዳኜ ዘንድ ነው።

«ፈረስህን እኩል እንያዘው። ፉርሽካ ከሱቅ አመጣለሁ» አልኩት።

«እሺ። የፊቱ እኩሌታ ያንቺ፣ የኋላው የኔ።»

«ለምን?»

«የሚበላው በፊቱ ነዋ! ጋሪዬን የሚጎትተው ደግሞ በኋላው።»

«ታዲያ እኔ የት ላይ ልቀመጥ?»

«ድንበሩ ላይ።»

በመንዝ ድንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው ስለማውቅ ትቼው ሄድኩ። አንድ ባለ ብዙ ከብት ገበሬ ደግሞ «ፈረስ ምን ያደርግልሻል? የሠርግሽ ለት ጌጠኛ በቅሎ እንልክልሻለን» አሉኝ። አንድ ቀን ለመቀመጥ ብሎ ማግባት በዛብኝ።

ወሬው ገበያውን ዞሮ ሲያበቃ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ራሳቸው ሱቃችን መጡ። የጊዮርጊስ ደብር መሪጌታ፣ ያውቋቸዋል። እርስዎ ሲሄዱ ጥቁር የነበረው ጢማቸው አሁን ባዘቶ መስሏል።

«የሙሐመድአወል ልጅ፣ ፈረስ የምትለምኚው አንቺ ነሽ አሉ?»

«ልመና እንኳ አይደለም መሪጌታ። መቀናጆ ነው።»

«ኧረግ! በምንሽ ትቀናጂያለሽ?»

«በፉርሽካና በጉልበት።»

«ፉርሽካው ይሁን። ጉልበት የእኔ ፈረስ ሞልቶታል። ያነሰው ሰው ነው» አሉና ወደ ጨው ጆንያው ዞር አሉ።

ውሉ አጭር ነበር። ሰንበትና በዓል የሳቸው፣ ሌላው ቀን የእኔ። ደስ ብሎኝ ተስማማሁና ቤት ገብቼ ማሰብ ጀመርኩ። አባባ፣ የክርስቲያን በዓል አስበውት ያውቃሉ? ልደታ ስትወጣ አቦ ይገባል፤ አቦ ሳይቀዘቅዝ ሥላሴ፤ ከዚያ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ… ዓርብ ደግሞ የራሳችን ጁምዓ አለ። ቅዱሳኑ ወሩን ተከፋፍለውት ለእኔ የተረፈኝ ቀን ትንሽ ነው፤ እሱም ትምህርት ያለበት። እንዲህ ያለ ውል የሚያስፈርም ሰው ቅኔ ቤት የገባ ብቻ ነው።

ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ስሙ ታገሥ ነው። በዚህ ስም የሚደርስብኝን ይገምቱ። ሰው ሁሉ ፈረሱን በ«ቼ!» ያስነሳል፤ ይህኛው የሚነሳው በስሙ ብቻ ነው። እናም እኔ ልቤ እየበረረ «ታገሥ! ታገሥ! ታገሥ!» እያልኩ ስጮህ መንገደኛው ዳር ይዞ «እሱስ ታግሷል፤ ይልቅ አንቺ ታገሺ!» ይለኛል። በአገሩ ደንብ ፈረሰኛ በፈረሱ ስም ይጠራልና ሽማግሌዎቹ መሪጌታን «አባ ታገሥ» ይሏቸዋል። ዳኜም እኔን እኩሌታ የያዝኩትን «እማ ታገሥ» ማለት ጀመረ።

ኅዳር ላይ የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ አማከለች እህታቸውን ሊጠይቁ ወደ ጓሳ ማዶ ሲሄዱ፣ እሳቸው በበቅሎ እኔ በፈረስ ሆነን ተከተልኳቸው። ገና ከከተማ እንደወጣን አንድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንደርስ ታገሥ ቀጥ አለ። አንገቱን ደፋ። ስሙን ጠራሁ፣ አልሰማኝም። ጎኑን ነካ ነካ አደረግሁት፣ ወይ ፍንክች።

«ተይው፤ እየተሳለመ ነው» አሉ ወይዘሮ አማከለች። «ከውርንጭላነቱ ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። በየደብሩ ደጃፍ ወርደው ተሳልመው እስኪመለሱ ይቆማል።»

«እኔ ግን አልወረድኩም እኮ!»

«እሱ ምን ቸገረው። የሳቸውን ያህል ቆሞ ይሄዳል።»

ምን ላድርግ? ሰው ሲጸልይ ዝም ብሎ መጎለት ነውር ነው፤ ፈረስም ቢሆን። ፋቲሓ ቀራሁ። «አሚን» ስል ተነሳ። ቀጥሎ ባለው ደብርም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላ ባለውም እንዲሁ። አጎቴ ናሲር የሚሰጋው ሃይማኖቷ ይላላል ብሎ ከሆነ ይንገሩልኝ፦ በዚህ ፈረስ ጀርባ ላይ የቀራሁትን ያህል በመድረሳ አልቀራሁም።

ጓሳ ስንደርስ ግን ቀልዴ አለቀ።

ደብር የለም፣ አጥር የለም፣ ሣሩ እስከ ሰማይ እግር ድረስ ተኝቷል። ወይዘሮ አማከለች «እንግዲህ ልቀቂው» አሉኝ። ስሙን ጠርቼ ለቀቅሁት። አባባ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎት? መጀመሪያ ኮቴው ይሰማል፣ ከዚያ ኮቴውም ይጠፋል። ከጉልበቴ ሥር አንድ ትልቅ ልብ ይመታል፤ የሱ ይሁን የኔ መለየት አቃተኝ። ጭላዳዎቹ ግጦሻቸውን ትተው ግራና ቀኝ ተከፈሉልን፣ አውራው ብቻ ጎፈሩን ነስንሶ እንደ ዳኛ ቁጭ ብሎ አሳለፈን። ረጃጅሞቹ የጅባራ ተክሎች በጉሙ ውስጥ ለሶላት እንደቆመ ሰው ተሰልፈው ነበር። ስንደርስባቸው የሚያጎነብሱ መስሎኝ እኔ አጎነበስኩ።

ከዚያ መሬቱ አለቀ። ታገሥ በራሱ ቆመ፤ ደብር በሌለበት። ታች ጉም ብቻ ነበር። ጉሙ ሲቀደድ ቆላው ወጣ፣ ከሥር ከሥር እየቀላ እስከ አፋር ሜዳ፣ ከዚያም ወዲያ። እርስዎ የመጡበት አገር፣ የሄዱበትም መንገድ። ንፋሱ ከዚያ በኩል ነበርና ሞቅ ያለ ነው። ፊቴን ሰጠሁት። «ሱብሐነላህ» አልኩ። ይህን ያህል ዓለም እያለ እኔ ከሱቅ እስከ ትምህርት ቤት ስመላለስ የነበርኩት በየትኛው በኩል ነው?

ወይዘሮ አማከለች ደረሱብኝ። «ምን ታያለሽ?»

«ጂዳን።»

«ይታያል እንዴ?»

«ጉሙ ነው የከለከለን።»

እሳቸውም አልሳቁም። «እንግዲያው ትንሽ እንጠብቀው» አሉና በቅሏቸውን አቆሙ።

አሁን ወደ ተከሰስኩበት ቀን ልምጣ። ሰባር ጊዮርጊስ በዓል ነውና በውላችን ፈረሱ የመሪጌታ ነው። ማልጄ ከበረታቸው አውጥቼ ኮርቻ ጭኜ፣ ልጓም አግብቼ፣ ደጃቸው ላይ አቆምኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰንበት ሰንበት ታገሥን እየሳቡ ሲሄዱ አይ ነበር፤ መታጠፊያውን ሲያልፉ ይቀመጡበታል ብዬ አስብ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ነበር። መሪጌታ ነጭ ለብሰው ወጡ። እግራቸውን እርካቡ ላይ አደረጉ። ኮርቻውን ጨበጡ። ቆዩ። ታገሥ እንደ ስሙ ሆነ፤ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። እርካቡ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የያዝኩት እኔ ነኝና አውቃለሁ። በመጨረሻ እግራቸውን ቀስ ብለው መለሱ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው፦

«ጊዮርጊስ የራሱ ፈረስ አለው። በእኔ ፈረስ አይጨናነቅም። ነጅዋ፣ አንቺ ውጪበት!»

«በዓል እኮ ነው መሪጌታ። የእርስዎ ቀን ነው።»

«ቀኔን አዋስኩሽ።»

አጎቴ ናሲር ያላየው ይህንን ነው። እርስዎ ቢሆኑ «አይሆንም» ይሏቸው ነበር?

ሜዳው ላይ ስደርስ ዳኜ ጎረምሶቹን ለፈረስ ግልቢያ አሰልፎ ጠበቀኝ። «እማ ታገሥ! ፈረሱ ይሮጣል ወይስ ይቀድሳል?»

«አንተ ጋሪህን ጠብቅ፤ የፊቱ እኩሌታ እየበላብህ ነው!»

ተነሳን። ስሙን ጠራሁ። አንዱን አለፍን፣ ሌላውን አለፍን፣ አቧራው ከኋላችን ሆነ፣ ከፊቴ የቀረው የጊዮርጊስ በር ብቻ ሆነ። አዎ፣ በሩ። ቀጥ አለ። በአንገቱ ላይ ልበር ምንም አልቀረኝ። አንገቱን ደፋ፤ ፈረሶቹም እንደ ክረምት ጎርፍ አለፉን። ከዚያ አንዲት ባልቴት «ተሳለመ! ፈረሱ ተሳለመ!» አሉና እልልታው ቀለጠ።

ፋቲሓ ቀራሁ። አልተነሳም። ደገምኩ። አልተነሳም። ያን ጊዜ ገባኝ። ሌላው ደብር ሁሉ መንገድ ላይ ያለ ነው፤ ይህ ግን የሳቸው ነው። የሚጠብቀው እሳቸውን ነበር።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሜዳውን አቋርጠው መጡ። ብዙ ቆዩ። ያ ሁሉ ሰው መንገድ ከፍቶ ቆመ፤ ዳኜ እንኳ ቆቡን አውልቆ ነበር። ግንባሩ ላይ ባለው ነጭ ላይ እጃቸውን አሳረፉና በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት፤ ግዕዝ ይሁን አማርኛ አልሰማሁም። ታገሥ ዓይኑን ጨፈነ። አባባ፣ ፈረስ እንዲህ ሲጨፍን አይቼ አላውቅም። እኔ ላዩ ላይ የተቀመጥኩ ሳልሆን በሁለቱ መሃል ያለሁ እንግዳ ነበርኩ። ከዚያ «በል፣ ከሷ ጋር ሂድ» አሉት። ሄደ። መጨረሻ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ጠዋት ታገሥን ጭኜ ደጃቸው አቆመዋለሁ፤ ቀኑ የሳቸው ነውና። ይወጣሉ። ያዩታል። «ዛሬ እግሬን ላፍታታው፤ ለሚቀጥለው ሰንበት» ይላሉ። «እሺ መሪጌታ፣ ለሚቀጥለው» እላለሁ። ዛሬም ብያለሁ። ዳኜ አንድ ቀን «ካልተቀመጡበት ሙሉውን ለልጅቱ ይስጧታ!» ቢላቸው በመቋሚያቸው ሊያገኙት ምንም አልቀራቸው። «እኩሌታዬን? አባ ታገሥ እየተባልኩ?» እኔም ሙሉውን አልፈልግም። እኩሌታው የሳቸው እስከሆነ ድረስ ፈረሰኛ ናቸው።

እማዬ ይህን ቋንቋ በደንብ ትችለዋለች። ባናዎን፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እያወጣች ፀሐይ ታስመታዋለች፤ መደቡ ላይ በእርስዎ ቦታ ሰው አታስቀምጥም። «መቼ ይመጣል?» ለሚላት «ለሚቀጥለው አረፋ» ትላለች። ባለፈው አረፋም እንዲሁ ብላ ነበር። በቀደም ከጂዳ የተመለሰች አንዲት ሴት ስለ እርስዎ የሰማችውን ወሬ ልታወራላት ስትጀምር እማዬ «ስኳሩን ስንት ልመዝንልሽ?» አለቻት። ሴትየዋ ያላሰበችውን ስኳር ገዝታ ሄደች። ደብዳቤ እንደምጽፍልዎት ታውቃለች። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችም።

እንግዲህ ፍርዱ የእርስዎ ነው። እኔ ከወረድኩ እሁድ ጠዋት ያን ፈረስ ጭኖ ደጃቸው የሚያቆም፣ «ለሚቀጥለው» ሲሉ «እሺ» የሚላቸው ሰው የለም። ትእዛዝዎን ንቄ እንዳልሆነ ይወቁልኝ። ነገር ግን አባባ፣ ከፈረስ በስልክ አይወረድም። የሚወርድ ሰው ልጓም የሚይዝለት ይፈልጋል። ይምጡና ይያዙልኝ። በገዛ አፍዎ «ውረጂ» ይበሉኝ፤ አንዲት ቃል ሳልመልስ እወርዳለሁ። እስከዚያው ከላይ ሆኜ መንገዱን አያለሁ።

አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፣ ሲሳይዎን ያብዛልን፣ ባሉበት ሁሉ ደግ ሰው አያሳጣዎ፤ አሚን።

ልጅዎ
ነጅዋ ሙሐመድአወል