የሐዘን ጢም

ጥር ፰ ቀን፣ ጎንደር

አባቴ ከሞተ ሃያ ቀኑ ነው፤ ጢሜን አልተላጨሁም። ጥምቀት ደግሞ ሦስት ቀን ቀረው፤ በበዓሉ በሚጫወተው ባንድ ውስጥ ትራምፔት ነፊው እኔ ነኝ። ዛሬም ልምምድ ላይ የትራምፔቱ አፍ ጢሜ ላይ እየተንሸራተተ ትንፋሼ በጎን አመለጠ። አጥብቄ ስጫነው ከንፈሬ አበጠ። የባንዱ መሪ፣ «በክንድህ አትግፋው፤ ከንፈርህ ራሱ ይያዘው» ይለኛል። በዚህ ጢም በምኑ ይያዘው?

ቤት ገብቼ ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ያለውን ብቻ ላጨሁት። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ የአባትህ አርባ ሳይወጣ?» አለችና ወደ ግቢው ወጣች።

ትራምፔቱን አነሳሁ። ሳምንት ሙሉ እምቢ ያለኝ ከፍተኛው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። ደግሜ ነፋሁት። እናቴ ግቢ ውስጥ መሆኗ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።