ስምንት ተኩል ላይ የተነሳ ፎቶ

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

የወጨጫን ተራራ ወጣነው። ከሰበታ በኩል። ወጣነው ማለት... እነሱ ወጡ፣ እኔ ተጎተትኩ። ለባሌው ጉዞ ልምምድ ነው። አራት ነን፦ ሞቲ የእንጨት ሥራ ቤቱን ዘግቶ፣ ኢብሮ የጫማ ሱቁን ለአክስቱ ልጅ ሰጥቶ፣ እህቱ መብሩካና እኔ። ተራራ ወጪዋ አስተማሪ! ዳገቱ ግማሽ ላይ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

የሞቲ ታናሽ ወንድም ኦዳ ሳንጠራው ተከትሎን መጣ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። በሸራ ጫማ ቀድሞን ጫፍ ደረሰ። ከላይ ሆኖ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያፏጫል። አገሩ ሁሉ ይሰማዋል።

«ኢጆሌ! እናንተ ልጆች! ጨለመ እኮ!»

ሞቲን ደግሞ፣ «አንተ ነህ አራት ሺህ ሜትር የምትወጣው? ፎቶ ካላየሁ አላምንም» አለው። ሞቲ ድንጋይ ወረወረበት። ሳተው።

እግሬ አብጧል። ግን ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 28፣ ማክሰኞ

ትምህርት የለም። ልጆቹ አዲስ አበባን ወደ ኦሮሚያ የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን ተቃውመው ሰልፍ ወጥተዋል። ታክሲ ስላልነበረ ከአስኮ እስከ ቡራዩ በእግሬ መጣሁ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል።

ሞቲ ጉዞው ይቅር አለ። «እናቴንና ኦዳን ጥዬ?»

እኔ ነኝ ያግባባሁት። «አምስት ስድስት ቀን ነው። ተራራው ላይ ሰልፍ የለ» አልኩት። ሁላችንም ሳቅን። ኦዳ በእናቱ ማለ፤ ከግቢው በር አልወጣም አለ። ሰማያዊ ጃኬቱን አውልቆ ለሞቲ ሰጠው። «ያዝ፣ ይበርድሃል ሽማግሌ።»

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

ባሌ ገብተናል፤ ዛሬ ከዲንሾ ተነስተን ሰባት ሰዓት ሙሉ ሄድን። ድንኳን ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። እጄ ደንዝዟል። ፈረስ የሚነዳልን ሰው አብዱሰመድ ይባላል፤ የዚሁ አገር ሰው ነው። ከሞቲ ጋር በኦሮምኛ ቀልድ ይዘዋል።

ጾም ስለሆነ ለሞቲና ለኔ በሶና ቆሎ ነው። መብሩካ ፊታችን ቱናዋን ከፍታ፣ «ሽታው ያስፈታችኋል?» ትላለች።

ቀይ ቀበሮ አየን። ቆሞ አየንና ወደ ሥራው ሄደ።

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ

ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ዳር ያለው ካምፕ ደረስን።

ኦዳ ሞቷል። ሞቲ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ማክሰኞ፣ ጎባ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ይገድለኛል።

ትናንት ከካምፑ በላይ ኔትወርክ የሚይዝ ኮረብታ አለ ተብሎ እኔና መብሩካ ወጣን። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ። ስልኬ ኔትወርክ ሲይዝ ወዲያው ጮኸ። ታላቅ ወንድሜ ተሾመ።

«ሞቲ አጠገብሽ ነው?»

«የለም።»

«ኦዳ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተመታ። ተኩስ ነበር... አልፏል። እንዳትነግሪው። መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰው ባለበት፣ ሽማግሌ ባለበት ይሰማል። ዝም ብለሽ ይዘሽው ነይ።»

ቀብሩ መቼ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም? ወንድሙ ሳይደርስ ይቀበራል ብዬ እንዴት ላስብ...

መብሩካ ክንዴን ያዘችኝ። «አሁኑኑ ንገሪው። እኛ ጋ ሬሳም ወሬም አያድርም።»

«ገደል አፋፍ ላይ? ራሱን ቢወረውርስ?»

«ወንድሙ ነው፣ ፌኔት! መብቱ ነው!»

«እኛ ጋ እንዲህ አይደረግም» አልኳት። እሷ አለቀሰች፣ እኔ አላለቀስኩም። ፊቷን በያዘችው ውሃ ታጠበች። ለነሞቲ ራሷን አመማት አልን።

ስንወርድ ሞቲ ሐይቁ ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል። በኦዳ ጃኬት። «አንሺኝ! ለዚያ አላምንም ባይ አሳየዋለሁ።» ስልኬን አወጣሁ። ካሜራውን ለመክፈት ሁለት ጊዜ ሳትኩ። በብርዱ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር ሲያደርግ... «ሳቅ እንጂ» አልኩት። ሳቀ። አነሳሁት። ስምንት ተኩል ይላል ስልኩ።

ማታ ካምፑ ላይ ፉጨት ሰማሁ። ሁለት ጣት አፍ ውስጥ ተከቶ የሚፏጨው ዓይነት። አብዱሰመድን ጠየቅኩት። ማንም አላፏጨም አለ።

ዛሬ በሳነቴ አምባ በኩል ወደ መኪናው መንገድ ወጣን። «መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ እንመለስ» ብለን ነው ሞቲን ያመጣነው። አሁን ጎባ ነን። ተሾመ ደወለ። አስከሬኑን ትናንት ማታ ሰጡ፣ ዛሬ በጊዜ ቅበሩ ተባለ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበረ።

ተቀበረ።

ከካምፑ እስከ መኪናው መንገድ ሦስት ሰዓት ነው። እያሰብኩት ነው። ደጋግሜ እያሰብኩት ነው።

ታኅሣሥ 7፣ ሐሙስ

ትናንት አመሻሽ ቡራዩ ገባን። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ጠብቀው ሞቲን አጎቱ ቤት ወሰዱት፣ «እናትህ እዚያ ናቸው» ብለው። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ገብተው ነገሩት። እኔ በር ላይ ነበርኩ።

«ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ! ኦቦሌሳ ኮ!»

ግድግዳውን መታው። ሦስት ሰው ያዘው። ሲደክም ጠየቀ፦ «መቼ ነው የሚቀበረው?» አጎቱ፣ «ተቀብሯል ልጄ» አሉት።

ወደኔ ዞረ። «መቼ ሰማሽ?»

አፌን ስከፍት አጎቱ ቀደሙኝ። «ጎባ ሲደርሱ ነው የሰሙት። ካለቀ በኋላ።»

መብሩካ አየችኝ። አጎቱን አላረምኳቸውም።

ታኅሣሥ 28፣ ገና

እነ ሞቲ ቤት ሄድኩ። እናቱ አዴ ድንቅቱ ከአልጋ አልወረዱም። እጄን ይዘው፣ «አንቺ ደህና አድርገሽ ይዘሽልኝ መጣሽ» አሉኝ። መረቁኝ! ምርቃቱ እንደ እሳት ፈጀኝ።

ሞቲ ሸኘኝ። «ያን ቀን ኔትወርክ ቢኖር ኖሮ...» አለ። አልጨረሰውም።

በምሽት መንገድ ላይ ፉጨት ሰማሁ። ወያላ ነው። ወያላ መሆኑን አይቻለሁ፤ ግን ዞሬ ኦዳን ፈለግኩ።

ጥር 4፣ ረቡዕ

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። በሬዲዮ። እነ ሞቲ ቤት ነበርኩ። ጎረቤት ልታበስራቸው ገባች፤ አዴ ድንቅቱ ተነስተው ተቀመጡ። «ቀረ? እንግዲያ ልጄን ይመልሱልኛ!»

ጎረቤቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። እኔ ብርድ ልብሱን መለስኩላቸው።

ጥር 21

ፎቶውን ላጠፋ አሰብኩ። ስልኩ «ይጥፋ?» ሲለኝ እንቢ አልኩ። አራተኛ ጊዜዬ ነው።

የካቲት 6፣ እሁድ

ነገርኩት።

እንጨት ቤቱ ሄድኩ። ብቻውን ነበር። እሁድም ይሠራል አሁን። ቆሜ ተናገርኩት፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«ስንት ሰዓት ላይ ሰማሽ?»

«ሰባት ተኩል።»

በጣቱ ቆጠረ። ሦስት ሰዓት በእግር። ማታ ጎባ። ሌሊቱን በኮንትራት መኪና... «ጠዋት አራት ሰዓት ቡራዩ ነበርኩ» አለ። ድምፁ የሥራ ልኬት የሚናገር ነው የሚመስለው። «ፎቶውስ?»

«ስምንት ተኩል።»

«አውቀሽ ነው 'ሳቅ' ያልሽኝ?»

«አዎ።»

ማሽኑን አስነሳው። ሌላ ነገር ብናገርም አይሰማም። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ። የጣውላው ብናኝ ፀጉሬ ላይ ነበር፤ ቤት ስደርስ እማዬ አራገፈችልኝ።

የካቲት 29

በመንገድ አገኘሁት። ወደ ማዶ ተሻገረ። እንዲህ ይሻላል። ቢያንስ አሁን የሚጠላው እውነተኛዋን ፌኔትን ነው።

መጋቢት 18

መብሩካ መጣች። «ይለመዳል» አለች። «አይለምደውም» አልኳት። «እሱን አላልኩም፣ አንቺን ነው» አለችኝ። ይህቺ ልጅ አታዝንም።

ግንቦት 10፣ ረቡዕ፣ ጫንጮ

ትናንት አምስት ሰዓት ላይ ተሾመ ደወለ። የእማዬ አንድ ወንድሟ፣ ጋሼ ቀጄላ፣ ጫንጮ አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት። «እንዳትነግሪያት። ነገ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፣ በቀጥታ ወደ ቀብሩ እንወስዳታለን።»

«እሺ» አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። እማዬ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች። ያ ፉጨት ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«እማዬ፣ ሰፌዱን አስቀምጪው።»

«ምነው?»

«ጋሼ ቀጄላ አረፉ። አሁን ነው የሰማሁት።»

ምስሩ ተበተነ። ደረቴን በሁለት እጇ መታችኝ። «እንዲህ ነው የሚነገረው? ሰው እንኳ ሳይሰበሰብ! እንደ ውሻ!» ጎረቤት ደረሰ፣ ሁሉም እኔን ሰደበ። ልክ ናቸው። ነጠላዋን አልብሼ፣ በሱሉልታ መንገድ ይዣት መጣሁ። ከሰዓት ወንድሟ አጠገብ ነበረች። ሌሊቱንም እግራቸው ሥር ተቀምጣ የልጅነታቸውን ስታወራላቸው አደረች። ተሾመ አላናገረኝም።

ዛሬ ቀብሩ ላይ ሞቲን አየሁት። ከቡራዩ ድረስ መጥቷል። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ጋ ተቀምጦ ንፍሮ ይዟል። ስወጣ ተከትሎኝ ወጣ። ሦስት ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም።

«እናትሽ ሌሊቱን አብራቸው አደረች አሉ።»

«አዎ።»

«ማን ነገራት?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«እንደሰማሁ።»

መሬት መሬቱን አየ። ጫማው ላይ የመቃብር አፈር አለ።

«ፎቶውን አጠፋሽው?»

«አላጠፋሁትም።»

«ላኪልኝ።»

ኢንተርኔት የለም። በብሉቱዝ ነው። ስልኮቹ ቅርብ ለቅርብ መሆን አለባቸውና ትከሻው አጠገብ ቆምኩ። ስልኬ ያረጀ ነው፤ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ሃያ በመቶ... አርባ... ሁለታችንም ስክሪኑን እናያለን።

ደረሰ። ከፍቶ አየው። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ጃኬቱ ጠቦኝ ነበር ለካ» አለ።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ግን አልሄደም።